ከሌላ ክልልና ከገጠር መጥተው ጅማ 9ኛ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች፦ ድጋፉን ከየት እንጀምር?

የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዌቱ መንደራ አካባቢ ያለው እድራችን ዘንድሮ ከለቅሶ ሌላ አንድ ሥራ ለመጨመር ተነስቷል፤ ከሌላ ቦታ መጥተው በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆችን መደገፍ። ልጆቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዳውሮ፣ ከኮንታና ከከፋ መጥተው ዘመድ ጋ የተቀመጡ አሉ። ቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከሰሜን ወደዚህ የተዛወረ አሉ። ተፈናቅለው የመጡ አሉ። ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከጌራ ገጠር ወጥተው ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩም አሉ፤ እነዚህ ከዞኑ ባይወጡም ኑሯቸው የእንግዳ ነው።

በሩ ላይ ማንም አይከለክላቸውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በእኩልነት እንዲጠቀም መብት ይሰጣል። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ግን የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ብዙዎቹን የምናገኛቸው ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ነው።

ኮሚቴው ያለውን ገንዘብ ለደብተርና ለዩኒፎርም ለማዋል አስቧል። እኔ ደግሞ ችግሩ እዚያ ላይ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሥራውን በቅርብ የምታውቁ፣ ልጆቹ የሚወድቁት በትክክል የቱ ላይ ነው? አፋን ኦሮሞ የማይችል ልጅ በዚያ ትምህርት ምን ይሁን? ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ብናዘጋጅ በምን እንጀምር? የቡና ለቀማውስ ነገር? ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ለኮሚቴው አነብበዋለሁ።


ሬኮርድ ክፍል

ወንድሜ፣ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ይቆዩ። መጀመሪያ ወረቀቱን ያዙ።

ከሌላ ክልል የሚመጣ ልጅ የሚጎዳው ገና ክፍል ሳይገባ ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል። ልጁ ግን ወረቀቱ ተሟልቶ ስሙ መጥሪያ ላይ የሚሰፍረው ጥቅምት አልፎ፣ አንዳንዱም ኅዳር ገብቶ ነው። ምክንያቱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ቤተሰብ የሚነሳው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ የቀድሞው ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ርእሰ መምህሩ የለም፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ልጁ የካርዱን ፎቶ በስልክ ይዞ ይመጣል፤ በስልክ ፎቶ የሚመዘግብ የለም። መስከረም ላይ ዘመድ ሊያወጣለት ሲሄድ «መጽሐፍ አልመለሰም» ይባላል። ክሊራንስ (የትምህርት ቤቱን ንብረት መመለሱ የሚረጋገጥበት ወረቀት) ያልጨረሰ ተማሪ መሸኛ አይሰጠውም፤ መጽሐፉ እስኪፈለግ ሌላ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

ስለዚህ ልጅ ለማምጣት ያሰበ ዘመድ ሥራውን የሚጀምረው ሰኔ ላይ፣ ካርድ በሚሰጥበት ሳምንት ነው። መጽሐፉ ይመለስ፣ ክሊራንሱ ይፈረም። ከዚያ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ዋናው፣ ቀንና ቁጥር ያለው መሸኛ፣ 9ኛን ጨርሶ ከሆነ ደግሞ ፎቶ የተለጠፈበት ትራንስክሪፕት ይያዝ። ማኅተሙ ከፊሉ ፎቶው ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ዓይታችሁ ተቀበሉ፤ ፎቶውን የሳተ ማኅተም ይዞ መጥቶ የተመለሰ ብዙ ነው። እዚህ ሲደርስ የአሳዳጊው መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይጨመራል።

ሁለተኛው ችግር ለሦስት ዓመት ተደብቆ ቆይቶ 12ኛ ላይ የሚወጣው የስም ጉዳይ ነው። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) በሲ ይጀምርና ኤዎቹ ይደርባሉ፤ ሌላ ክልል ያለ ጸሐፊ ግን በሲ ኤች ይጀምረዋል፣ ኤውንም አይደርብም። የሚኒስትሪ ውጤቱ በአንዱ፣ ትራንስክሪፕቱ በሌላው ተጽፎ ይመጣል። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሚጎድልበትም አለ። ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገብ «ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አስረዳ» ይባላል፤ ያኔ ልጁ ማጥናት ሲገባው ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል። 9ኛ ሲመዘገብ ሦስቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ያኔውኑ በደብዳቤ ይታረም። የፋይዳ መታወቂያ ሲያወጣም በዚያው አጻጻፍ ይሁን።

ተፈናቅለው ወረቀት ሳይዙ የመጡትን በተመለከተ፦ ወረቀቱ እስኪገኝ ቤት አታስቀምጧቸው። ለርእሰ መምህሩ በጊዜያዊነት ተቀብሎ እንዲያስተምር በጽሑፍ አመልክቱ፤ ግልባጭ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ከቀበሌ ነዋሪነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዙ። ልጁ በደረጃው ተፈትኖ እንዲመደብም በዚያው ማመልከቻ ጠይቁ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይሰጠው አትመለሱ። በቃል የተጠየቀ ነገር ሰው በተቀያየረ ቁጥር ከዜሮ ይጀመራል።

ለኮሚቴው አንድ ሰው ብቻ ለዚህ ይመደብ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቤት ለቤት ዞሮ ማን ምን ወረቀት እንደጎደለው ይመዝግብ። ከደብተር ይልቅ ለአንድ ሰው ልጁ ወደመጣበት ወደ ዋካ ወይም ወደ ቦንጋ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት መክፈል ለልጁ ሁለት ወር ይገዛለታል።


የቀለም ቀንድ

አንድ ነገር ልበል። 9ኛ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ የከተማውስ ልጅ መቼ እንግሊዝኛ ቻለ? ችግሩ የሁሉም ነው። የመጡትን ብቻ ለይቶ መደገፍ ሌላውን ወላጅ ቅር አያሰኝም ወይ?


ሒሳብ 9ኛ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከእሱ ልጀምር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው የወደቀው እንግዳ ልጅ ብቻ ነው ሊል አይችልም። ልዩነቱ ግን አለ። የከተማው ልጅ ሳይገባው ሲቀር ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ታላቅ ወንድም አለው፣ የአምና መጽሐፍ አለው፣ መምህሩ ከእንግሊዝኛ ወጥቶ ሲያብራራ የሚሰማበት ቋንቋ አለው። ከሌላ ቦታ የመጣው ሦስቱንም ያጣል። ቱቶሪያሉ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ለመጡት ግን ቦታ ይያዝላቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የ9ኛ ክፍል አዲሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ሴት (የነገሮች ስብስብ)፣ ምዕራፍ 2 የቁጥር ሥርዓት፣ ምዕራፍ 3 እኩልታ መፍታት፣ ምዕራፍ 4 ኢንኢኳሊቲ (የሚበልጥና የሚያንስ ምልክት ያለበት) ነው። ኅዳር ላይ የገባ ልጅ የሚያመልጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደግሞ በእነሱ ምልክት ነው የሚጻፈው። የእኩልታ መልስ በሴት ቅንፍ ይቀመጣል፣ የኢንኢኳሊቲ መልስ በቁጥር መስመር ላይ ይሣላል። ልጁ ስሌቱን ችሎ መልሱን መጻፍ ስለማይችል ዜሮ ያገኛል። ሬኮርድ ክፍል «ሁለት ወር» ያለው በክፍል ውስጥ የሚመነዘረው እንዲህ ነው።

ቱቶሪያል ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው የሳምንቱን ትምህርት መድገም ነው። ያ ለመጣ ልጅ አይጠቅምም። መጀመሪያ የት እንደቆመ የሚያሳይ ፈተና ስጡ። 20 ጥያቄ ይበቃል፤ 5 በክፍልፋይ፣ 5 በኔጌቲቭ ቁጥሮች፣ 5 አንድ ያልታወቀ ባለበት እኩልታ፣ 5 ደግሞ ያንኑ ስሌት በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚጠይቅ። የመጀመሪያዎቹን 15 ሠርቶ የመጨረሻዎቹን 5 የሳተ ልጅ ችግሩ ቋንቋ ነው። 15ቱንም የሳተ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መሠረት ይጎድለዋል። እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ አታስቀምጡ፤ አንደኛው ይሰለቻል፣ ሌላው ያፍራል።

የቋንቋው ስሕተት ምን እንደሚመስል በአንድ ሁለት ምሳሌ ላሳይ። «ሰብትራክት 5 ፍሮም 12» ሲባል ልጁ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ሄዶ 5 ሲቀነስ 12 ይጽፋል፤ መልሱንም ኔጌቲቭ 7 ይላል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የሳተው «ፍሮም» ላይ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ «አት ሊስት» የሚለውን «ሌስ» ከሚለው ጋር ያምታታና የሚያንስ ምልክት ያደርጋል፤ ጥያቄው ግን «ቢያንስ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ የሚበልጥ ወይም እኩል መሆን ነበረበት። እንዲህ ዓይነት የጥያቄ ቃላት 40 ወይም 50 ቢሆኑ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ በየሳምንቱ 10 አስጠኑ፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አንድ አጭር ጥያቄ ውስጥ አስገብታችሁ።

የመጡበትም ትምህርት ቤት ልዩነት ያመጣል። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ትምህርቱ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ የሰቃው ልጅ ከእንግሊዝኛ ፊዚክስ ጋር የሚተዋወቀው 9ኛ ላይ ነው። አዲስ አበባ 7ኛና 8ኛን በእንግሊዝኛ የተማረው በዚህ ይቀድመዋል፤ ክፍል ውስጥ ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ግን እሱ ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ዴስክ ላይ ብታስቀምጧቸው ይረዳዳሉ።

ጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። በቡድን ከ12 ልጅ አይብለጥ።


የቁቤ መምህርት

ሰላም። የማስተምረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ላይ ብቻ ልመልስ።

ወላጆችን የሚያረጋጋውን ላስቀድም። አፋን ኦሮሞ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ የለም፤ እዚያ ያለው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድና የየዘርፉ ትምህርት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግቢያውን አይዘጋበትም። በካርዱ አማካይና ከክፍል ወደ ክፍል በመዛወር ላይ ግን ይቆጠራል፤ 30 ያመጣበት ልጅ ሌላውን በደንብ ሠርቶ እንኳ ደረጃው ይወርዳል። ቋንቋው አፍ ላልፈታበት ልጅ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት አለ። በምዝገባው ቀን «ልጁ በየትኛው ይመደባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ ሲቀር ልጁ ከሕፃንነቱ ከሚናገሩት ጋር ተቀላቅሎ ግጥም ይተነትናል።

ማንበቡ እንደሚፈራው አይደለም። 9ኛ የደረሰ ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል ያውቃል፤ የሚለወጡት ድምፆች ጥቂት ናቸው። ኤክስ ጠ ነው፣ ሲ ብቻውን ጨ ነው፣ ኪው ቀ ነው፣ ሲና ኤች አብረው ቸ፣ ፒና ኤች ጰ፣ ኤንና ዋይ ኘ ናቸው። ዲና ኤች አብረው ሲመጡ ድምፁ አማርኛ ውስጥ የሌለ ስለሆነ ከተናጋሪ አፍ ይሰማ። ከዚያ ሁለት ሕግ አለ፤ ተነባቢ ሲደረብ ይጠብቃል፣ አናባቢ ሲደረብ ይረዝማል። ማጥበቁን አማርኛ ተናጋሪ በጆሮው ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው ማስረዘሙ ነው። ቦና በአንድ ኦ ሲጻፍ በጋ ነው፣ በሁለት ኦ ሲጻፍ ኩራት ነው። ቃል ጽሕፈት ላይ ነጥብ የሚያልቀው እዚህ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጮክ ብሎ ያነበበ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ፊደሉን ይጨርሳል።

ቀጥሎ የፈተና መመሪያ ቃላት ይያዙ። ዱቢሲ አንብብ፣ በሬሲ ጻፍ፣ ፊለዹ ምረጥ፣ ጋፊ ጥያቄ፣ ዴቢ መልስ፣ ሂካ ትርጉም፣ ኬያታ አንቀጽ። እነዚህን የማያውቅ ልጅ መልሱን እያወቀ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የገበያ ንግግር ይርዳው፤ ጅማ መርካቶ ወጥቶ በቋንቋው ዋጋ የሚጠይቅ ልጅ ደብተር ላይ ካቀረቀረው ይፈጥናል።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ማስተማሪያው በወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው ግን ወደምንግባባበት ቋንቋ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሳንወጣም አይገባቸውም። በአፋን ኦሮሞ ስናብራራ ከዳውሮ የመጣችው ትጠፋለች፤ በአማርኛ ስናብራራ ከዴዶ የመጣው ይጠፋል። ስለዚህ በፈለግነው እናብራራ፤ ዋና ዋናውን ቃልና የአሠራሩን ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እንጻፍ፣ ሳናጠፋም ይገለብጡት። ልጁ ቤት ወስዶ የሚያስረዳው ሰው የሚያገኘው ያ ጽሑፍ ካለ ብቻ ነው።


የሰቃ መንገድ

ሒሳብ 9ኛ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ቅዳሜውን ግን አይቻልም። ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች ቅዳሜ ጅማ የሉም። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ይወጣሉ፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ። ሰቃ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይቀላል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የገባ ቀበሌ የመጣው ግን ከመኪናው በኋላ በእግሩ የሚሄደው አለ። በዚህ የተነሳ የዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜና የሰኞ የመጀመሪያው በየሳምንቱ ያመልጣቸዋል። መደቡ ላይ ሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሳምንቱ አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቀረባቸው ማለት ነው። ሪኮርድ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ብቻ ይታያል።

ስንቁን ሁለት ሳምንት የሚያቆይ ማድረግ ይቻላል። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና የበቆሎ ዱቄት ይቆያሉ፤ ቂጣና እንጀራ ናቸው በየሳምንቱ የሚያመላልሷቸው። እድሩ አንድ ምጣድና ማገዶ የሚገኝበት ቤት አመቻችቶ በሳምንቱ አጋማሽ እንዲጋግሩ ቢያደርግ፣ ጉዞው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል። አንዲት ሴት ልጅ ከወንድሞቿና ከአጎቷ ልጆች ጋር ስትኖር ግን ምግቡም ውሃውም እሷ ላይ እንደሚወድቅ እወቁ። ተራ ወጥቶ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከኮሚቴው አንዲት እናት እየገቡ ይዩት። ቱቶሪያሉም ከ11 ሰዓት በኋላ አይዝለቅ፤ ሲመሽ ቀድመው የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው።

የቡና ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) የሚሰጠውም በዚያው መሐል፣ ኅዳር አካባቢ ነው። ቀዩ እሸት በኪሎ ስለሚከፈል አንድ ሳምንት የዋለ ልጅ የኪራዩን ይሸፍናል፤ ለዚህ ነው የሚሄደው። «አትሂድ» ብሎ መምከር ኪራዩን አይከፍልለትም። ገንዘባችሁን ዓመቱን ሙሉ አትበትኑት። የኅዳርንና የታኅሣሥን ኪራይ ብቻ በቀጥታ ለአከራዩ ክፈሉ፣ ፊርማ ተቀበሉ። ለቀማውን ቅዳሜና እሑድ ይሂድ። ለቤተሰቡ ማሳ የሚፈለግ ልጅ ካለ ደግሞ የሚዱ ቀን እንደታወቀ ለአባቱ ይነገረው፤ ቀኑን ካወቀ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ሌላው መብራት ነው። በአንድ ክፍል አራት ሆነው አንድ አምፖል ሥር ማጥናት አይሆንም። ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ከሆነ ሁለቱ ጠዋት ሁለቱ ከሰዓት ቢመደቡ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ለሁለት ሰው ይሆናል። ይህን መጠየቅ የሚቻለው በምዝገባው ሳምንት ነው፤ የዘገየ ተማሪ የተረፈውን ፈረቃ ይወስዳል።


የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። ኮሚቴው ዛሬ ማታ ያየዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ ካልሆነ መቼ ይሁን? ሥራው ለውጥ ማምጣቱንስ ካርድ እስኪመጣ ሳንጠብቅ እንዴት እናውቃለን?


ሒሳብ 9ኛ

የሰቃ መንገድ ያሉት ትክክል ነው፣ ቅዳሜን እንተወው። ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። የጠዋት ፈረቃ ልጆች ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10፣ የከሰዓቶቹ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4። ክፍል ከትምህርት ቤቱ ካልተገኘ የእድሩ አዳራሽ ይበቃል፤ ሰሌዳ ይኑረው እንጂ። አስተማሪ ለማግኘት ጅማ ዩኒቨርሲቲን በደብዳቤ ጠይቁ፤ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ ማሠራት የቆየ አሠራሩ ነው። ሲጠየቅ ግን «አስጠኚ ላኩልን» ብቻ አይባልም፤ ስንት ልጅ፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ምዕራፍ፣ ስንት ሳምንት ብላችሁ ጻፉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የራሱ ፈተና ሲደርስ ስለሚቀር ለአንድ ቡድን ሁለት ሁለት ሰው መድቡ።

ለውጡን ለማየት ሦስት ነገር ያዙ። ከክፍል ኃላፊው መምህር በየሁለት ሳምንቱ የቀሪ ብዛት ውሰዱ፤ በተለይ የሰኞና የዓርብን። የመጀመሪያውን የ20 ጥያቄ ፈተና ቁጥሮቹን ብቻ ቀይራችሁ ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ስጡ። ሦስተኛ፣ ሚድ ተፈትነው ወረቀቱ ሲመለስ የልጆቹን የሒሳብ ወረቀት ሰብስባችሁ ስሕተቱን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ጥያቄውን አንብቦ የሳተውና ስሌቱን የሳተው። የመጀመሪያው ከበዛ የእንግሊዝኛ የጥያቄ ቃላቱን የማስጠኛ ጊዜ በእጥፍ አሳድጉ። ሁለተኛው ከበዛ ወደ 7ኛ ክፍል ክፍልፋይ ተመለሱ፤ የ9ኛውን ምዕራፍ ለማሳደድ አትቸኩሉ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ እጥረት ካለባችሁ ሶፍት ኮፒውን አውርዳችሁ ምዕራፍ 1ንና 2ን ብቻ አሳትሙ፤ ሙሉውን ማሳተም ለእድር ይከብዳል፣ ያመለጣቸውም ያው ሁለቱ ነው።


ሬኮርድ ክፍል

በዓመቱ አጋማሽ የሚመጣ ልጅ ካጋጠማችሁ አንድ ልጨምር። የካቲት ላይ ለሁለተኛው ሴሚስተር የሚገባ ልጅ ከሌላው ወረቀት በተጨማሪ የአንደኛውን ሴሚስተር ውጤት በየትምህርቱ ተዘርዝሮ ይዞ መምጣት አለበት። አማካይ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አይጠቅመውም፤ የዓመቱ ውጤት የሚሠራው የሁለቱ ሴሚስተር በየትምህርቱ ተደምሮ ነው። አፋን ኦሮሞ ያልተማረበት ቦታ ከነበረ ደግሞ ያ ትምህርት እዚያ እንደማይሰጥ መሸኛው ላይ በግልጽ ይጻፍለት። ካልተጻፈ ባዶው ቦታ እንደ ዜሮ እንዳይታሰብበት በየጊዜው ማስረዳት ይመጣል።